የድብልቁ ክፍል ዘበኛ

ጋሽ ሉልሰገድ ማረፋቸውን የሰማሁት ከቤተ ክርስቲያናችን የስልክ ግሩፕ ነው። ሥራ ላይ ነበርኩ። የአንዲት አሮጊት ታካሚዬን እግር ክሬም እየቀባሁ ሳለ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ደጋግሞ ነዘረ። ጓንቴን አውልቄ ሳየው ዮናታን የለጠፈው ፎቶ ነው። ጋሽ ሉልሰገድ ነጭ ጋቢ ደርበው፣ በእጃቸው ከመስታወት የተሠራ ዓሣ ይዘው ቆመዋል። ከሥሩ «አባታችን፣ የድርጅታችን ምሰሶ፣ ወደ ጌታ ተሰበሰቡ። እስከ መጨረሻው በክብርና በፍቅር አብረውን ነበሩ» ይላል። ሰው ሁሉ የሚያለቅስ ፊትና የተጣመረ እጅ እየለጠፈ ተከታትሎበታል።

በክብርና በፍቅር! ንድድ አለኝ።

ያ ፎቶ ሲነሣ ከፊት ረድፍ ተቀምጬ ነበር። የሚያየው ሰው ደስታ አፉን የያዘው ሽማግሌ ነው የሚመስለው። እኔ ግን ጋሽ ሉልሰገድ በዚያች ደቂቃ ምን እየጠበቁ እንደነበር አውቃለሁ። የማውቀውን ሳልናገር ደግሞ ለቅሶ ቤት ሄጄ ከዮናታን ጎን መቀመጥ አልችልም።

ዮናታን የዓሣ ነጋዴ ነው። የሚበላ ዓሣ አይደለም፣ የሚታይ ነው። የጥርስ ሐኪም ቤት፣ ሆቴል፣ የሀብታም ሳሎን ውስጥ የሚቀመጠውን አኳሪየም ይተክላል፤ ዓሣውን ያቀርባል፤ በየሳምንቱ ሰው ልኮ ያስጸዳል። ኢስት ፖይንት በሚባል ሰፈር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ መጋዘን አለው። ዓሦቹ ከሩቅ አገር በአውሮፕላን፣ ውሃና አየር በተሞላ ፌስታል ታስረው ስለሚመጡ ቶሎ ካልተፈቱ ያልቃሉ። እኔ እዚያ የሠራሁት የነርስ ረዳትነት ትምህርቴን እስክጨርስ ነው። ታንክ አጥባለሁ፣ ፌስታል እፈታለሁ፣ የሞተ እለቅማለሁ። ጋሽ ሉልሰገድ ግን ከእኔም ከመጋዘኑም በፊት ነበሩ። ዮናታን ስቶን ማውንቴን ያለው ቤቱ ቤዝመንት ውስጥ ጥቂት ታንኮች ደርድሮ «ይሆን ይሆን?» ሲል፣ ውሃውን በባልዲ ደረጃ ለደረጃ ያመላለሱለት እሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ ቀን ስገባ ሰላም አላሉኝም። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ትኬት ቆርጠሻል?» አሉኝ።

በኋላ ሌሎቹ ሠራተኞች እየሳቁ ምክንያቱን ነገሩኝ። ጋሽ ሉልሰገድ አዲስ አበባ ሳሉ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ሚስታቸውን በቀበሩ በዓመቱ ዲቪ ደርሷቸው መጡ። ሥራውን ትተው መጡ እንጂ አመሉን አልተዉትም። መተላለፊያው ላይ ሁለት ሰው ቆሞ ካወራ «ጠጋ፣ ጠጋ በሉ! ውስጡ ባዶ ነው!» ብለው ይጮሃሉ። ለእሳቸው ትኬት መቁረጥ ማለት ቦታህን በድካምህ ማግኘት ነው። አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ሳይቆርጥ የገባ ነው፤ እኔንም እስኪበቃቸው ድረስ በር ላይ አቁመውኛል።

አመላቸው ክፉ ነበር። ሞቱ ብዬ አልደብቅም። ባልዲያቸውን የነካ ሰው ወዮለት። አንድ ቀን ራሳቸው ጨው አብዝተው አንድ ታንክ ዓሣ ፈጁና ያለ አንዳች ኃፍረት «ሰናይት ናት» አሉ። ዮናታን ፊት ስወቀስ ዋልኩ። ይቅርታ አልጠየቁኝም። በማግስቱ ግን ምሳዬን ልበላ ስቀመጥ የራሳቸውን ሽሮ ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «ብዪ፣ ቀጭን ሆነሽ ባልዲው ጣለሽ ይሉናል» ብለው ሄዱ። ከእሳቸው የሚገኘው ይቅርታ ይህን ያህል ነበር፤ እኔም በላሁት።

አሁን ስለ ዓሦቹ ልንገራችሁ፤ ያለ እነሱ ጋሽ ሉልሰገድ አይታወቁም። ዳምሰል ይባላሉ። ዘራቸው ብዙ ነው፤ አብዛኞቹ ሰማያዊና ቢጫ ለብሰው ዓይን ያፈዛሉ። የእኛዎቹ ግን የቤተሰቡ ድሆች ናቸው። ከጣት አይበልጡም፤ መልካቸው አመድማ ጥቁር ሆኖ ጅራታቸው ጫፍ ላይ ብቻ ትንሽ ቢጫ ነካ ያደርጋቸዋል። የሚኖሩት ወንዝ ባሕር ውስጥ በሚገባበት አፍ፣ በየወደቡና በየጠረፉ ዳር፣ ጨዋማውና ጨው አልባው ውሃ በሚቀላቀልበት ነው። አንድ ቀን ባሕሩ ገፍቶ ጨዉ ይበዛባቸዋል፣ አንድ ቀን ዝናብ ያቀጥንባቸዋል። ሁሉን ይችላሉ።

ጠላታቸውም ይኸው ቻይነታቸው ነው። አዲስ ታንክ ሲተከል ውሃው የጠራ ይምሰል እንጂ ለዓሣ አይመችም። የዓሣውን ቆሻሻ የሚበሉት ደጋግ ተሕዋስያን እስኪበዙ ድረስ ሳምንታት ይፈጃል፤ እስከዚያ ቆሻሻው መርዝ ነው። ውድ ዓሣ ቀድሞ የከተተ ነጋዴ ይከስራል። ስለዚህ መጀመሪያ ርካሹንና ቻዩን ይከታል። ዳምሰሎቹ በመርዙ እየተቃጠሉ ውሃውን ያበስሉታል። የሞተው ይሞታል፤ የተረፈው ውሃው ሲበስል ተለቅሞ ይወጣና ውዱ ዓሣ ይገባል። መውጣቱም ቀላል አይደለም። ዳምሰል ቀድሞ የገባበትን ታንክ ርስቴ ብሎ ይይዛል፤ በኋላ የመጣውን ሁሉ ይነክሳል፤ ለመያዝ ድንጋዩ በሙሉ መውጣት አለበት። ለዚህ ደግሞ «አመለኛ» ይባላል። ከወጣ በኋላ ወይ ሌላ አዲስ ታንክ ይጀመርበታል፣ ወይ ለትልልቆቹ ዓሦች ቀለብ ይጣላል።

ምሳሌ እያወራሁ አይደለም። ምሳሌ በየእሑዱ ጠግቤ ነው የምወጣው። የሥራውን አሠራር ነው የነገርኳችሁ።

ጋሽ ሉልሰገድ ለትልልቆቹ አልጥልም አሉ። ደግነት አይመስለኝም፤ እልህ ነው። «ትኬት የቆረጠ ሰው መሐል መንገድ ላይ አይወርድም» አሉ። ከመጋዘኑ ጀርባ መጥረጊያና ባዶ ካርቶን የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ነበር። እዚያ አሮጌ ታንኮች አስገብተው፣ ጨዉን ከቧንቧ ውሃ ጋር እየቀላቀሉ፣ ከየቦታው ተለቅመው የወጡትን ዳምሰሎች ሰበሰቡ። ክፍሉን ሁላችንም «ድብልቁ» እንለው ጀመር። ዮናታን መጀመሪያ ሳቀባቸው። «ጋሽዬ፣ እነዚህን ማን ይገዛቸዋል?» አለ። እሳቸውም «የሚሸጥ ነገር አለ አልኩህ?» አሉት።

ከዓሦቹ መካከል አንዱን ወንድ «ዘበኛው» ይሉት ነበር። በዚህ ዘር እንቁላል የሚጠብቀው አባቱ ነው። ድንጋዩን በአፉ ጠርጎ ያዘጋጃል፣ ሴቷ ትጥልና ትሄዳለች፣ ከዚያ እሱ ምግብ እየረሳ፣ በክንፉ ውሃ እያራገበ ይጠብቃል። እጅ ከገባ ይነክሳል። የጣት ያህል ዓሣ ሰው ይነክሳል ብትሉኝ ድሮ አላምንም ነበር፤ እኔን ነክሶኛል። ጋሽ ሉልሰገድ ሲያዩ በደስታ ሞቱ። «ደግ አደረገ! ሳታንኳኪ ነው የገባሽው» አሉኝ።

ግልገሎቹን ማሳደግ ግን ሌላ መከራ ነበር። ከእንቁላል ሲወጡ የቅንድብ ጸጉር ያህል ናቸው። ደጋግመው አለቁባቸው። ጋሽ ሉልሰገድ ባለቁባቸው ቁጥር አንድ ሳምንት ማንንም አያናግሩም፤ ከዚያ ደግሞ ይጀምራሉ። አንድ ቀን ጠዋት ጠሩኝ። ታንኩን በእጅ ባትሪ እያበሩ «እዪ፣ እዪ» አሉኝ። የሚንቀሳቀሱ ነጠብጣቦች ሞልተዋል፤ አድገዋል፤ ትናንሽ ጅራት አውጥተዋል። እልል የሚሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው መስታወቱን በሌባ ጣታቸው ቀስ ብለው ነካ አደረጉና «ጠጋ፣ ጠጋ በሉ ልጆች፣ ገና ሰው አለ» አሉ። ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዮናታን መሳቁን ተወ። ከባሕር የተያዘ ሳይሆን ቤት ውስጥ የተወለደ ዓሣ የሚፈልግ ደንበኛ አለ ለካ። ጎብኚ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ድብልቁ ሆነ። «ሁሉም እዚሁ ብሪድ የተደረጉ ናቸው» እያለ ያስጎበኛል። «እኛ ነን ያራባናቸው» ይላል። ትልቁን የሆቴል ኮንትራክት ያገኘው በዚያ ክፍል ነው። ይህንን እሱም አይክድም።

ታዲያ ቃል ነበረ። መጋዘኑ የተከፈተ ዕለት ፓስተራችን መጥቶ ጸልዮበት ነበር። እኔ ያኔ ሠራተኛ አልነበርኩም፤ እንደ ምእመን ሳምቡሳ ይዤ የሄድኩ ነኝ። ከጸሎቱ በኋላ ዮናታን የጋሽ ሉልሰገድን ትከሻ አቅፎ ተናገረ። ከልቡ ነበር፤ እያለቀሰ ነበር። «ይህ ቤት የእኔ ብቻ አይደለም» አለ። «ማንም ባልነበረኝ ጊዜ እኚህ አባት ነበሩ። እግዚአብሔር ይህን ሥራ በእግሩ ሲያቆመው፣ ጋሽ ሉልሰገድ ከእኔ እኩል ባለቤት ናቸው። በጌታ ፊት፣ በእናንተም ፊት ቃሌ ነው።» ሁላችንም «አሜን!» አልን። መጋዘኑ እስኪናወጥ ነው ያልነው።

ጋሽ ሉልሰገድ በዚያ አሜን ነው የኖሩት። ዕረፍት አይወስዱም፤ ሌላ ሥራ አይፈልጉም። የእህታቸው ልጅ ኤርፖርት ውስጥ ጥሩ ሥራ ብታገኝላቸው «የራሴን ቤት ጥዬ?» ብለው መለሷት። የገዛ ቤታቸው ነበር የመሰላቸው። ከሰው ሁሉ ጋር መከራከሩ፣ የባልዲው ጠብ፣ የበሩ ላይ ግልምጫ ከዚያ የመጣ ነው። እንደ ተቀጣሪ ቢሆኑ ኖሮ እንደ ሁላችን ሺፍታቸውን ጨርሰው ይሄዱ ነበር።

አንድ ቀን አብረን ታንክ ስናጥብ ደፈርኩና «ጋሽ ሉልሰገድ፣ ያ ነገር በወረቀት ቢሆን አይሻልም? እዚህ አገር ካልተፈረመ አልተባለም» አልኳቸው።

ስፖንጁን ውሃ ውስጥ ጣሉት። «ቸርች ሙሉ ሰው አሜን ካለበት በኋላ ፈርምልኝ ልበለው? እሱን ብቻ መጠርጠር መሰለሽ? አሜን ያለውን ሁሉ ውሸታም ማለት ነው። አንቺንም ጭምር!»

«ለጥንቃቄ ብዬ ነው።»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማሽም? በይ ታንክሽን እጠቢ።»

ይህን ስህተት የሚሠራው የእኛ ሰው ብቻ ነው። ለስልክ መስመር ገጽ ሙሉ እንፈርማለን፣ ለዕድሜ ልክ ነገር አሜን ይበቃናል።

አንድ የበጋ ቀን ከሰዓት በኋላ ዐውሎ ነፋስ ዛፍ ጥሎ የሰፈሩ መብራት ጠፋ። የአየር መንፊያዎቹ ሲቆሙ መጋዘኑ ጸጥ አለ፤ እንደዚያ የሚያስፈራ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። አየር ያጣ ውሃ ውስጥ ዓሣ እንደ ሰው ይታፈናል። ዮናታን የጸሎት ኮንፈረንስ ላይ ስለነበር ስልኩ ዝግ ነው። ጋሽ ሉልሰገድ ጆግ አነሡና ከታንኩ እየቀዱ፣ ከፍ አድርገው መልሰው ማፍሰስ ጀመሩ፤ ውሃው ሲወርድ አየር ይዞ ይገባል። እኔም ሌላ ጆግ ያዝኩ። ከታንክ ወደ ታንክ እየተዟዟርን፣ ክንዳችን እስኪዝል ቀዳን። «አንቺ አረፍ በይ» ይሉኛል፤ እሳቸው ግን መብራቱ እስኪመጣ አልተቀመጡም። በሚቀጥለው እሑድ ዮናታን መድረክ ላይ ወጥቶ «እኔ በጸሎት ላይ ሳለሁ ጌታ ዓሦቼን ጠበቀልኝ» ብሎ መሰከረ። ጉባኤው አጨበጨበ። ጋሽ ሉልሰገድ ከሁሉ በላይ ጮኸው «አሜን!» አሉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «በጆግ» አሉኝ። ሳቄን ለመያዝ ወደ ውጭ ወጣሁ። ያኔ ገና ያስቀን ነበር።

የሆቴሉ ሰዎች መምጣት ሲጀምሩ ነገሩ ተለወጠ። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ ድብልቁ ውስጥ ገብቶ የዘበኛውን ታንክ በቀለበቱ ኳ ኳ ያደርግ ጀመር። ዘበኛው እንቁላል ላይ ነበር። ጋሽ ሉልሰገድ በእንግሊዝኛ «ኖ» አሉት። ሰውየው ፈገግ ብሎ ደገመው። ጋሽ ሉልሰገድ የእጁን አንጓ ጨብጠው ከመስታወቱ ላይ አነሡት። ሌላ ምንም አላደረጉም፤ አልመቱት፣ አልሰደቡት። የሰውየው ፊት ግን ቀላ፤ የዮናታን ፊት ደግሞ ነጣ። ያን ቀን ዮናታን ምንም አልተናገራቸውም። «አባቴ» እያለ አቅፏቸው ወጣ። የእኛ ሰው ሊጥልህ ሲያስብ መጀመሪያ ያቅፍሃል።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ሉልሰገድ ደወሉልኝ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆኗል። «ሰናይት፣ የሚመጣው እሑድ ኦፍ ውሰጂ። ዮናታን ‹ሱፍዎን ለብሰው ይምጡ፣ መድረክ ላይ ሰርፕራይዝ አለ› ብሎኛል። ቃሉ ሊፈጸም ነው።»

ሱፋቸውን ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደው አስጠበቡ። ጸጉራቸውን ተቆረጡ። አዳማ ያለችው እህታቸው ፕሮግራሙን በስልክ በቀጥታ እንድታይ ሰዓቱን ነገሯት፤ እሷም ጎረቤቶቿን ጠራች። እኔ ከፊት ረድፍ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ዮናታን መድረክ ላይ ጠራቸው። ስለ ቤዝመንቱ ተናገረ፣ ስለ ባልዲው ተናገረ፤ አሳመረው። ሽማግሌዎች መጥተው ጋቢ ደረቡላቸው። ስማቸው የተቀረጸበት የመስታወት ዓሣ ሰጧቸው። እያንዳንዱን ነገር ሲቀበሉ ቀና ብለው ዮናታንን ያዩታል፤ ዋናው እስኪመጣ ነው። ከዚያ ዮናታን «አባታችን ብዙ ደክመውልናል። ከነገ ጀምሮ ግን ይረፉ ብለናል። ዛሬ በክብር ሪታየር እናደርጋቸዋለን!» አለ። ጉባኤው ተነሥቶ አጨበጨበ። እልልታው ቀለጠ። ፎቶው ያን ጊዜ ነው የተነሣው።

ማይኩን ሰጧቸው። ጋሽ ሉልሰገድ ማይኩን ይዘው ወደ ዮናታን ዞሩ። ከዚያ «ነገ ውሃውን ማን ይለውጣል?» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀልድ መሰላቸው። «ይኸው፣ አሁንም ሥራቸውን ነው የሚያስቡት!» አለ ዮናታን፤ እንደገና እልል ተባለ።

ይህ ብቻ ቢሆን እንኳ እችለው ነበር። አንጀቴን የበላው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ፕሮግራሙ አልቆ ምሳ ተበላ። ጋሽ ሉልሰገድ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ፣ ሳህናቸውን ሳይነኩ ተቀምጠዋል። ሰው እየመጣ «እንኳን ደስ ያለዎት» ይላቸዋል። ሰው ተበተነ፤ ወንበር ማጠፍ ተጀመረ። «እንሂድ» አልኳቸው። «ቆይ እስቲ» አሉኝ። የዮናታን መኪና ከፓርኪንግ ሲወጣ በመስኮት አዩት። ያኔ ወደ እኔ ዞረው «ሌላ የቀረ ፕሮግራም የለም ማለት ነው?» አሉኝ። በዚህ መሐል ስልካቸው ጮኸ። እህታቸው ናት፤ ድምፅዋ ለእኔም ይሰማል። «ጋቢው እንዴት ያምራል! ጎረቤት ሁሉ አለቀሰ'ኮ!» ትላለች። «እሺ፣ አዎ፣ ተመስገን» አሏት።

ሰኞ እንደ ልማዳቸው በአውቶቡስ ሄዱ። የበሩ ኮድ ተቀይሯል። ደጅ ላይ ቆመው ሳለ እኔ ደረስኩ፤ ዮናታንም ከውስጥ ወጣ። አቀፋቸው። «አባቴ፣ ይረፉ አላልኩም? ሪላክስ ያድርጉ እንጂ!» አላቸው። ከኋላው ከፍሎሪዳ ያመጣው ባለ ሰርተፊኬት ሥራ አስኪያጅ ቆሟል። ጋሽ ሉልሰገድ መጮህ ይችሉ ነበር፤ ጩኸት ይችሉበታል። ግን ጋቢ የለበሰ ሰው እንዴት ይጮኻል? በአደባባይ አክብረውት፣ ጸልየውለት፣ እህቱ እያየች አስጨብጭበውለት፣ አባረሩኝ ቢል ምስጋና ቢስ ከመባል ሌላ ምን ያተርፋል? አፋቸውን በክብር ዘጉት። ዮናታን ክፉ ሰው ቢሆን ይህን ያህል አልናደድም ነበር፤ ደግ የሠራ መስሎት ነው።

እኔ ትምህርቴን ስጨርስ ለቅቄ ወጣሁ። ጋሽ ሉልሰገድ ስቶን ማውንቴን ከእህታቸው ልጅ ጋር መኖር ጀመሩ። ኦፍ ስሆን ሄጄ እጠይቃቸው ነበር። ቴሌቪዥን ተከፍቶ ሌላ ቦታ እያዩ አገኛቸዋለሁ። ጠበኛው ሰውዬ መጣላት ተዉ። ልጆች መተላለፊያው ላይ ተጋድመው ሲጫወቱ እንኳ ዞረው ያልፋሉ። ይህ ከሁሉ በላይ አስፈራኝ።

ከወራት በኋላ ዮናታን ደወለልኝ። «ሰኒ፣ ጋሽዬ ስልኬን አያነሡም። ድብልቁ ውስጥ ያሉት እየሞቱብን ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ታንክ አንድ ሲስተም ላይ ኮኔክት አድርጎት፣ ምን እንደሆነ እንጃ፣ አልሆነም። ኦርደር አለብኝ። አንድ ቀን ብቻ መጥተው ያሳዩን፤ አንቺን እምቢ አይሉም።»

መልእክቱን የነገርኳቸው እምቢ ሲሉ ለመስማት ጓጉቼ ነው። «ይሙቱበት» እንዲሉ፣ እንዲሳደቡ፣ የድሮው ሰውዬ እንዲመለሱልኝ ፈለግሁ። እሳቸው ግን ገና ሳልጨርስ ተነሥተው ጃኬታቸውን ፈለጉ።

«ጋሽ ሉልሰገድ! እንዲያ ካደረገዎት በኋላ?»

«እነሱ ምን አደረጉኝ?» አሉ። ዓሦቹን ነው።

በመኪናዬ ወሰድኳቸው። እኔ አልገባም ብዬ ፓርክ አድርጌ ጠበቅኋቸው። ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ቆዩ። ሲወጡ እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ረጥቧል። ሀይዌይ ገባን።

«ተረፉ?» አልኳቸው።

«ግማሾቹ። ዘበኛው ሞቷል። የቀሩት ከዚህ በኋላ ይተርፋሉ፤ አያያዙን ለሠራተኞቹ አሳይቻቸዋለሁ።»

«እሱስ ምን አለዎት?»

«አመሰገነኝ። ጥሩ አድርጎ ነው ያመሰገነኝ።»

ከዚያ ወዲያ መታገሥ አልቻልኩም። «ስለ ቃሉስ? ዛሬ እንኳ አልጠየቁትም?»

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን ጠይቀውት አያውቁም። ቃል ይጠበቃል እንጂ አይጠየቅም ባይ ነበሩ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መንገዱን እያዩ «ጠየቅኩት» አሉ። «ብቻችንን ስንሆን፣ ‹ዮናታን፣ ያ ቃልስ?› አልኩት።»

«እና ምን አለ?»

ከፊታችን ያለው መኪና ሲቆም ቆምኩ፣ ሲሄድ ሄድኩ።

«ሲዋሽ አውቃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አልዋሸም፤ ፊቱን አይቼዋለሁ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ።»

«ምን ብሎ?»

«‹የትኛው ቃል?› አለኝ።»